አምስት ደቂቃ በአግዳሚው ላይ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም መደገፊያውን ይዘሽ ነው የምትወጪው? ሳልሽ ቆመልሽ? ባለቤትሽስ፣ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ ደህና ናቸው? የልጅ ልጅሽ ጥርስ አበቀለች? ይህን ሁሉ ተራ በተራ እንድትመልሺልኝ ነው የምጠይቅሽ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ መስመር እንዳትዘጊው። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል፤ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ይህንንም ከጽሕፈቴ ታይዋለሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እኔ ሦስት መስመር ጠይቀሻል፤ ስለ ወንድማችን ሚስት ግማሽ ገጽ። ዩኒቨርሲቲው ባሳተመው መጽሔት ላይ የወጣውን ፎቶዋን ልጅሽ አሳይታሽ ደስ እንዳለሽ፣ «ወንድማችን በሕይወት ኖሮ ቢያያት እንዴት በኮራ» ብለሽ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ጥሩ ነው። እንዴት ለዚህ በቃች ብለሽ ስለጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ አንብቢው። ቀንቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ትንሽ ልጅ ቀንቻለሁ። ከቅናቴም የተነሣ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ስድስት ሳምንት ሙሉ አፍኜ ይዤ፣ ይኸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ ተቀምጣለች። ሐሙስ ስብሰባ አለ። እዚያ ምን እንደምል ገና አልወሰንኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ክሊኒኬ ከተዘጋ ስንት ዓመት እንደሆነው ታውቂያለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ድሬሰር ሆኜ የሠራሁበት ቤት ዛሬ የተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ነው። አንዲት ነርስ ለሦስት መንደር ተመድባ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ትላለች፤ ዝናብ ከጣለ እሱም ይቀራል። ሆስፒታሉ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የከተማ ሰው በኪኒን የሚገላገለው የደም ግፊት እዚህ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል። ባለፈው ዓመት ብቻ በዚሁ ምክንያት ሦስት ሰው ቀብረናል። ዩኒቨርሲቲው የመጣው ይህን ሰምቶ ነው።

የመጣችው አንዲት ዶክተር ናት፣ እዚያው የምታስተምር። ተማሪዎቿን አስከትላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበችን። አጥንተው ጨርሰው እንዳልመጡ፣ የገጠር ሰው ለምን ቀድሞ እንደሚታመምና ዘግይቶ እንደሚታከም ከእኛው ጋር ሆነው ሊያጠኑ እንደሚፈልጉ፣ ጥናቱን ከሚመራው ኮሚቴም ግማሹ ከእነሱ ግማሹ ከገጠሩ ሰው እንደሚሆን አስረዳች። አነጋገሯ አልከፋኝም። እኔ ያን ዕለት ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ ለብሻለሁ። የሠላሳ አራቱን ዓመት በሽታ በየዓይነቱ ለይቼ፣ ሰባት ገጽ ጽፌ፣ ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጫለሁ። ከመንደራችን የሚመረጠው አንድ ተወካይ ብቻ ነው ሲባል አንገቴን ቀና አደረግኩ።

ከዚያ ዶክተሯ ሰውነታችሁ አልመች ሲላችሁ መጀመሪያ ለማን ነው የምትናገሩት ብላ ጠየቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ስሜ እስኪጠራ የምጠብቅ እንዳልመስል። አናጢው ከኋላ ተነሣና «እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለባለወፍጮዋ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሳቁ ግን የመስማማት ነበር። እህል ሊያስፈጭ የማይሄድ የለም፤ ወረፋ ሲጠብቅ የማያወራ የለም፤ ባለወፍጮዋ የወንድማችን ሚስት ደግሞ በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሐል የሰውን ከንፈር እያየች ትሰማለች። የማን ልጅ ሆዱን እንዳመመው፣ የማን ባል እግሩ እንዳበጠ፣ ማን እንዳረገዘች ከባሏ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ዶክተሯም «እንግዲያው ለምን እዚያው አንጀምርም?» አለች። እጅ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው፣ እጇን አወጣች። ያንኑ ቀኝ እጇን።

እኔን «የክብር አማካሪ» አሉኝ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አንድም ነገር አማክሮኝ አያውቅም። ሰባቱን ገጽ ዶክተሯ በሁለት እጇ ተቀብላ «እማማ፣ በጣም አመሰግናለሁ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እማማ አለችኝ። ግማሹን መንደር ያዋለድኩ ባለሙያ ነኝ፤ ዱቄት የምትጠርገዋን ግን «የሥራ ባልደረባዬ» ብላ ነው ለተማሪዎቿ የምታስተዋውቃት።

የወንድማችን ሚስት አራት ቀን ሠልጥና መጣች። አራት ቀን፣ እህቴ። እኔ ሁለት ዓመት ተኩል ነው የተማርኩት፤ አልጋ ሳነጥፍ የአንሶላው እጥፋት በማስመሪያ እየተለካብኝ። እሷ ፎቶዋ ያለበት ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተመለሰች። አትክልት ስታጠጣም አታወልቀውም። ዱቄት ሲነሰነስበት በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች። ይህን እንዴት አየሽ ትዪኝ ይሆናል። መስኮቴ ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው የሚከፈተው፤ ዓይኔን ልጨፍን?

ዶክተሯ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ሐሙስ ሞተሩ የሚያርፍበት፣ የሚጸዳበትና ዘይቱ የሚቀየርበት ቀን ነው። እኔ ቤት ሻይ ስትጠጣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ነው። እዚያ ግን የዱቄት ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እስከ እኔ ቤት በሚሰማ ሳቅ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃቸው ላውቅ ፈልጌ አንድ ሐሙስ እህል ይዤ ሄድኩ፤ ሞተሩ እንደማይሠራ እያወቅኩ። የወንድማችን ሚስት ደንግጣ ተነሣችና «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፤ ለምን ይደክማሉ፣ እኔ መጥቼ እወስድልዎት የለም ወይ?» አለችኝ፣ በፍቅር። በፍቅሯ ነው የምትገድለኝ። ሳቁም እዚያው ላይ ቆመ።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ነገሩን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዩኒቨርሲቲው የሰጣት የግፊት መለኪያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ ቁጥሩን ራሱ አውጥቶ የሚያሳይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛዋም አብራ ትንቀጠቀጣለች፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ማንኪያ ሳይቀር ይንጫጫል። ሴቶቹ እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው ይደርሳሉ። ጆንያውን ሚዛኑ ሥር ይጥሉና፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ እያለከለኩ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ አረፍ ካሉ ተራቸው ያልፋቸዋላ። የወንድማችን ሚስትም ታዝንላቸዋለች፤ ተራሽ ሳያልፍ ቶሎ ልለካሽ ትላለች። ጨርቁ ይታሰራል፣ ይነፋል፣ እነሱ ያወራሉ። ይባስ ብለው ቁጥራቸውን እንደ ፈተና ውጤት ያወዳድራሉ። አንዷ «እኔ መቶ ሃምሳ፣ አንቺስ?» ስትል እንቁላል ነጋዴዋ «መቶ ስድሳ፤ በለጥኩሽ፣ እንግዲህ ቀድሜሽ ላስፈጭ» አለቻት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የወንድማችን ሚስት ሁሉንም መዝገቡ ላይ ጻፈችው። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ያምራላ፣ አግብታ ስትመጣ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

ዶክተሯ ይህን አታውቅም። የምታየው የሐሙሱን ጸጥታ ነው።

በእኔ ክሊኒክ ግድግዳ ሥር አንድ አግዳሚ ነበረ፤ ለዕረፍት ስትመጪ ተኝተሽበት የተቆጣሁሽ። ማንም ቢሆን እዚያ አምስት ደቂቃ ሳይቀመጥ ግፊቱን ለክቼ አላውቅም። እግር መሬት ላይ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ ወሬ የለም። የመንደሩ ሰው «ቀጥ በሉ» የሚል ስም ያወጣልኝ በዚያ የተነሣ ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሳልፍ «ቀጥ በሉ መጡ» ሲባባሉ እሰማለሁ። ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ግፊት ሲለካ የሚገኘው የሸክሙና የዳገቱ ቁጥር ነው። ይህን የማያውቅ ድሬሰር የለም።

አየሁ፣ ገባኝም። አፌን ከፍቼ «ልጄ፣ እስቲ አሳርፊያቸው» ብል ምንም አይፈጅብኝም ነበር። አላልኩም። ዱቄቴን ይዤ ቤቴ ገባሁና ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳዬን ደህና አድርጌ በላሁ።

ከዚያ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣሁ። ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ ማንም አላረፈም። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለቱ ቆመው። ስድስት ሳምንት እንዲህ እያልኩ ጻፍኩ። ያሰብኩት ውጤቱ ለመንደሩ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ ደብተሬን ልዘረጋው ነው። የዶክተሯ ፊት እንዴት እንደሚሆን፣ የወንድማችን ሚስት ባጇን የት እንደምታስገባው፣ አልጋዬን ባነጠፍኩ ቁጥር እያሰብኩ እደሰት ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የታላቋን ልጅሽን የመጀመሪያ ቀሚስ የሰፋችው። እህሏን ራሷ ነው የምትሸከመው። ሦስት ጊዜ ተለክታ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ወጣባት። ሪፈር ተጻፈላትና ሆስፒታል ሄደች፤ እዚያ ያለው ሐኪም የሦስቱን ቀን ቁጥር አይቶ ኪኒን አዘዘላት። በአጥሩ ላይ አሻግራ አሳየችኝ። ከጀመረችው ወዲህ ስትነሣ እንደሚያዞራት ነግራኝ፣ ይስማማኝ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። የእኔ መለኪያ፣ ባለ ሜርኩሪው፣ ያን ጊዜ ከኋላዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። «የታዘዘልሽን ዋጪ» አልኳት። ብለካት ነገሩ ያን ቀን ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ለስብሰባው ነው ያስቀመጥኩት።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ከስፌት መኪናዋ ስትነሣ ዞረባትና ደፍ ላይ ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ ግፊቷን ዝቅ ብሎ ስላገኘው ኪኒኑን አስቆማት። ሁለት ወር መቀስ አትይዝም፤ ከዚያም በኋላ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይታጠፉ እንደሆነ አልታወቀም ብለዋታል። የስፌት መኪናዋ ቀን በቀን ሲንኳኳ ይረብሸኝ ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው ሥራ መሥራት ያቃተኝ።

ይህን ደብዳቤ ማክሰኞ ጀምሬ እዚህ ስደርስ በር ተንኳኳና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዶክተሯ ናት፣ ለብቻዋ። እንደ ልማዷ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የወንድማችን ሚስት «ያቺን ሴት የሰበርኳት እኔ ነኝ» ብላ ባጇን አውልቃ እንደመለሰች ነገረችኝ። መለኪያውን አስፈትሸውት ምንም እንከን እንዳልተገኘበት፣ ስሕተቱ የት እንዳለ እሷም ሆነች የወንድማችን ሚስት እንዳልገባቸው ነገረችኝ። ከዚያ የተወካይነቱን ቦታ እኔ እንድይዝላቸው ለመነችኝ። ፎቶ ያልተለጠፈበት አዲስ ባጅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

አስቤበት ሐሙስ እነግርሻለሁ አልኳት። ሻይ እንኳ አላቀረብኩላትም። ከሄደች በኋላ ባጁን አንገቴ ላይ አጥልቄ መስተዋት ፊት ቆምኩ። አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፤ አማረብኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ስብሰባው አልፏል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። የወንድማችን ሚስት ከኋላ በሩ ጋ ቆማለች፤ ባጁ የነበረበትን ቦታ በእጇ ሸፍናዋለች። እኔ ጋዋን አልለበስኩም። ተነሥቼ ደብተሩን ከፈትኩና ቀን በቀን አነበብኩት። ማን ተሸክሞ እንደመጣ፣ ማን ሳያርፍ እንደተለካ፣ ጠረጴዛዋ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ፣ አንድ ሳላስቀር። መጀመሪያ ሰው የገባው ስሕተቱ ብቻ ነው። ዶክተሯ ግንባሯን ይዛ «ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ…» አለች። አናጢው እንዲያውም «ቀጥ በሉ እኮ አይስቱም» ብሎ አመሰገነኝ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ባጁ የእኔ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግን ቀን ስትቆጥር ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እንግዲህ ኪኒኑን በአጥሩ ላይ ሳሳይዎት ያውቁ ነበር» አለች። «አውቅ ነበር» አልኩ። «ታዲያ ምን አድርጌዎት ነው?» አለችኝ።

መልስ አላጣሁም። ማንም አላማከረኝም ልል እችል ነበር፤ ለጌጥ ነው ያስቀመጣችሁኝ ልል እችል ነበር። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ወደ በሩ አየሁ። የወንድማችን ሚስት ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ለእኔ ነው፣ ይታይሽ። «አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። በእሷ ቀንቼ ነው» አልኩ። ባጁን ዶክተሯ ፊት አስቀምጬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ባጁን ለእሷ መለሱላት፣ በእጅ ብልጫ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ከሁሉ ዘግይቼ። መለኪያው ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ፣ የሞተሩ ንዝረት ከማይደርስበት ዛፍ ሥር እንዲሆን፣ እስካሁን የተለካውም ሰው ሁሉ እንደገና እንዲለካ ተወሰነ። አናጢው አግዳሚዬን ከተዘጋው ክሊኒክ አውጥቶ የተሰበረ እግሩን ቀየረለት። የወረፋውን ነገር የፈታችው የወንድማችን ሚስት ናት፤ ሰውየው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ጆንያው በሰልፉ ውስጥ ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። በሠላሳ አራት ዓመት ለእኔ ይህ አልታየኝም ነበር። ለእኔም ሥራ ሰጥታኛለች፤ ሰዉን አምስት ደቂቃ ማስቀመጥ። «እትዬ ካሉ ማን ይንቀሳቀሳል?» አለቻቸው። ባጅ የለውም።

ትናንት ጀመርን። አሥራ አራት ሰው ሰዓቴን ይዤ አስቀመጥኩ። እንቁላል ነጋዴዋን ሁለት ጊዜ ዝም በዪ አልኳት፤ ቁጥሯ መቶ ሃያ ሆኖ ሲወጣ ተሸነፍኩ ብላ አዘነች። ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ተቀመጠችና ግራ ክንዷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ጀርባዋን አልተደገፈችም፣ ጎበጥ ብላ ነበር። ቀጥ በዪ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣ አለኝ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ራሷ ተደገፈች። ግፊቷ ደህና ነው፣ ፍጹም ደህና። ነገርኳት። «ይጻፉት» አለችኝና ሄደች። ጻፍኩት። ከስብሰባው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውሃ እየቀዳሁ ደፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ማታ ባዶውን ዕቃ አጥሩ ላይ ታደርግልኛለች። እስካሁን ንግግራችን ይኸው ነው።

ቅናቱስ ለቀቀሽ ወይ ትዪኝ ይሆናል። አልለቀቀኝም። ሰዎቹ ከእኔ ጋር አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ልክ ሲሞላ ብድግ ብለው ያጠራቀሙትን ወሬ ሁሉ ለእሷ ይወስዱላታል። አግዳሚው ላይ ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ግን መስኮት ላይ ሆኜ ከምሰማው ቀረብ ይላል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጎንበስ ብሎ ዕቃ እንዳያነሣ። ታላቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መጽሔቱን ስላሳየችሽ አልተቀየምኳትም በዪልኝ። ለባሏም ሰላም በዪልኝ፤ የላከልኝ መነጽር ልክ ነው። ታናሹ ልጅሽ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልጻፈልኝም፤ እሱንም ሰላም በዪው፣ ግን ጠንከር አድርገሽ። ሕፃኗን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ጥርሷንም ቆጥረሽ ጻፊልኝ። አንቺ ደግሞ ግፊትሽን ስትለኪ አስቀድመሽ ተቀመጪ።

ለወንድማችን ሚስት ለብቻዋ ልትጽፊላት እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። ጻፊላት፣ ይገባታል። ከእኔው ደብዳቤ ግን አጠር ይበል።

ታላቅ እህትሽ

ከአሮጌው ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን